ዓመቱን ሙሉ አለርጂ ያለባችሁ፦ አበባውን ብቻ ስወቅስ 11 ዓመት ሄደብኝ

ማለዳ

ሰላም ለሁላችሁም። ብዙ ጊዜ አንብቤ ዝም ብዬ ነበር የምወጣው። ዛሬ ግን ልጻፍ ብዬ ተነሳሁ፤ እኔ የተንከራተትኩበትን መንገድ ሌላ ሰው እንዲደግመው አልፈልግም።

አለርጂ ከጀመረኝ 11 ዓመት ሆነኝ። አበባ ሲፈነዳና ሣር ሲያብብ ዓይኔ ደም ይመስላል፣ አፍንጫዬ ያለማቋረጥ ይወርዳል፣ ላንቃዬን በምላሴ እስክፍቀው ድረስ ያሳክከኛል። ስለዚህ ጠላቴ ያ ወቅት ነው ብዬ ደመደምኩ። ሲያልፍ «ተገላገልኩ» እላለሁ። በቀሩት ወራት ጠዋት ጠዋት የማስነጥሰውን ግን ከቁም ነገር አልቆጠርኩትም። «ሳይነስ ነው»፣ «ብርድ መትቶኝ ነው» እያልኩ አልፈዋለሁ።

ነገሩን የገለጠልኝ ደብተር ነው። አንድ ሐኪም «ለ2 ወር መቼ፣ የት፣ ምን ስታደርጊ እንደሚነሳብሽ ጻፊ» አለኝ። ጻፍኩ። በ3ኛው ሳምንት ገጹን መለስ ብዬ ሳይ እንዲህ ይላል፦ «12፡10፣ ገና አልጋ ላይ፣ 9 ጊዜ።» «12፡05፣ አልጋ ላይ፣ 14 ጊዜ።» «12፡20፣ አልጋ ላይ፣ አፍንጫ ድፍን።» መስኮቱ ዝግ ነው፣ ከቤት አልወጣሁም፣ በዚያ ወር ደግሞ ውጭ የሚያብብ ነገር አልነበረም። ከዚያ ለሥራ ሄጄ 6 ቀን ሌላ ቦታ አደርኩ። የእነዚያ 6 ቀናት ገጽ ባዶ ነው። ቤቴ በተመለስኩ ማግስት «12፡15፣ አልጋ ላይ፣ 11 ጊዜ» ይላል።

ከዚያ የቆዳ ምርመራ ተደረገልኝ። ክንድ ላይ የተለያየ ጠብታ ያንጠባጥቡና በትንሽ መርፌ ጫፍ ቆዳውን ነካ ነካ ያደርጉታል፤ ከዚያ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ መጠበቅ ነው። የሣሩ ቦታ አበጠ፤ ይህን ጠብቄዋለሁ። የቤት አቧራ ማይት የተባለው ግን የእሱን እጥፍ አብጦ፣ ዙሪያው ቀልቶ፣ እንዳላከው እጄን በእጄ ይዤ ተቀመጥኩ።

ማይት ለማታውቁ፦ ርዝመቱ 0.3 ሚሊ ሜትር አካባቢ የሆነ፣ በዓይን የማይለይ ፍጥረት ነው። አይነክስም። ከሰውነታችን የሚረግፈውን የቆዳ ቅርፊት ይበላል፤ ውሃም አይጠጣም፣ እርጥበቱን ከአየር ይስባል። አለርጂውን በዋናነት የሚያስነሳው ኩሱ ነው። ትራስና ፍራሽ ውስጥ ደግሞ እንደ ልቡ ይራባል። እኔ 11 ዓመት ሙሉ ፊቴን ቀብሬበት ሳድር ኖሬአለሁ ማለት ነው።

ሐኪሙ ያስረዳኝ ነገር እስካሁን ከአእምሮዬ አልወጣም። ዓመቱን ሙሉ በጥቂት በጥቂቱ ሲቆጣ የኖረ አፍንጫ፣ ወቅቱ ሲመጣ ጤነኛ አፍንጫ የማይሰማውን ትንሽ የአበባና የሣር ብናኝ እንኳ አይችልም። ያ «ከባድ ወቅት» የምለው ነገር ግማሹ የመኝታ ቤቴ ሥራ ነበር።

አሁን አንሶላና የትራስ ልብስ በየሳምንቱ በ60 ዲግሪ ውሃ አጥባለሁ፣ ፍራሹና ትራሱ ድፍን ሽፋን ገብቶላቸዋል፣ ምንጣፉን ከመኝታ ቤት አውጥቻለሁ፣ የአፍንጫን ቁጣ የሚያበርድ ስቴሮይድ ስፕሬይም በየቀኑ እወስዳለሁ። የዘንድሮው ወቅት አልቀረልኝም፤ ግን ሥራ ሳልቀር አለፈ። ሁለቱም ዓይነት ያለባችሁ፣ እናንተ እንዴት ነው የምትኖሩት?

ጉዞ ላይ

ይማርሽ እህቴ። ያነበብኩት የራሴን ታሪክ ነው። እኔ ግን ጉንፋን ይሁን ሳይነስ ይሁን አለርጂ እስካሁን አልለየሁም። አፍንጫዬ ማታ ማታ ግጥም ብሎ ይዘጋል። ኦክሲሜታዞሊን የሚባለውን ጠብታ ሳደርግ በ5 ደቂቃ ውስጥ ይከፈታል። 8 ወር ሆኖኛል። መጀመሪያ በቀን አንዴ ነበር፤ አሁን ሌሊት ሁለቴ እነሳለሁ። ትራሴ ሥር ካላስቀመጥኩት እንቅልፍ አይወስደኝም። ያለ እሱ መኖር አልቻልኩም፤ የምታውቁት ነገር ካለ ንገሩኝ።

የፋርማሲው ልጅ

ወንድሜ ጉዞ ላይ፣ ፋርማሲ ውስጥ ስሠራ አንተ የገለጽከውን ሰው በየሳምንቱ አያለሁ። ብቻህን እንዳልሆንክ እወቅ።

ያ ጠብታ (ኦክሲሜታዞሊንም ሆነ ዛይሎሜታዞሊን) የአፍንጫ ውስጥ የደም ሥሮችን ጨምድዶ ነው የሚከፍትልህ። ጉልበቱ ሲያልቅ ሥሮቹ ከበፊቱ ብሰው ያብጣሉ። አንተ ደግሞ ትደግማለህ። ከ3 እስከ 5 ቀን በላይ እንዳትጠቀሙ የሚባለው ለዚህ ነው። አሁን ሌሊት የሚዘጋህ በሽታው ብቻ አይደለም፣ ጠብታው ራሱም ነው።

በአንድ ቀን መጣል የሚችል ሰው አለ፤ አብዛኛው ግን አይችልም። ብዙዎች የሚሳካላቸው ሐኪም አማክረው የስቴሮይድ ስፕሬይ (ፍሉቲካዞን፣ ሞሜታዞን፣ ቡዴሶናይድ ከሚባሉት አንዱን) ሲጀምሩና ጠብታውን መጀመሪያ ከአንዱ አፍንጫ ብቻ ሲያቆሙ ነው። በሌላኛው እየተነፈስክ ትተኛለህ። የቆመበት ወገን ሲከፈት ሁለተኛውንም ታቆማለህ።

ስለ መለየቱ፦ ጉንፋን አብዛኛውን ጊዜ ከ7 እስከ 10 ቀን ውስጥ ይሄዳል፣ ትኩሳትና የሰውነት ቁርጥማት ሊኖረው ይችላል። አለርጂ ትኩሳት የለውም፤ ንፍጡ እንደ ውሃ ቀጭን ነው፣ ለሳምንታት ይቆያል፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ያሳክካል። ዓይን፣ አፍንጫ፣ ላንቃ፣ አንዳንዴ የጆሮ ውስጥ። ማሳከክ ካለ አለርጂን አስቡ።

ስለ ስፕሬዩ አንድ ነገር ልጨምር፤ «ሞከርኩት አልሠራልኝም» ከሚሉኝ ሰዎች አብዛኞቹ አጠቃቀሙን ያሳያቸው የለም። ወደ ላይ አንጋጥጠው፣ ቀጥ አድርገው ረጭተው፣ በኃይል ይስቡታል። መድኃኒቱ ጉሮሮ ይገባና ምሬቱ ብቻ ይቀራል። እንዲህ አድርጉት፦ ጠርሙሱን ነቅንቁ፣ አፍንጫችሁን ተናፈጡ፣ አንገታችሁን በትንሹ ወደ ፊት ደፋ አድርጉ። የግራ አፍንጫችሁን በቀኝ እጃችሁ፣ የቀኙን በግራ እጃችሁ። ጫፉ ወደ መሐል አጥንቱ ሳይሆን ወደ ውጭ፣ ወደ ዓይን ጥግ ይመልከት። ከዚያ አበባ እንደምታሸቱ ቀስ ብላችሁ ሳቡ። መሐሉን ከመታችሁት ይደርቅና ይደማል።

ደግሞ ትዕግስት ይፈልጋል። ሙሉ ኃይሉ እስኪታይ 2 ሳምንት ሊፈጅ ይችላል። ወቅቱን የምታውቁ ሰዎች ከመድረሱ 2 ሳምንት ቀድማችሁ ጀምሩ። «ስቴሮይድ» ሲባል የሚደነግጥ ብዙ ነው፤ እንደ ፍሉቲካዞንና ሞሜታዞን ያሉት ወደ ደም የሚገባው መጠናቸው እጅግ ጥቂት ነው።

የሁለቱ እናት

እኔ የመጣሁት ለልጄ ነው። 8 ዓመቱ ነው። ከዓይኑ ሥር ጥቁር ጥላ አለው፤ ሰው ሁሉ «እንቅልፍ አጥቶ ነው» ይለኛል። ሁሌ በመዳፉ አፍንጫውን ከታች ወደ ላይ ይገፋል። ይህን ስለለመደው አፍንጫው ጫፍ ላይ አግድም ሰረዝ ወጥቶበታል። ማታ አፉን ከፍቶ ያንኮራፋል። አስተማሪው «ልጁ አያዳምጥም፣ ሐሳቡ ይበታተናል» ብላ ጠራችኝ። ቤት ስንደርስ ቁጭ አድርጌ ተቆጣሁት። ከዚያ በኋላ ነው ሐኪም «ይህ ልጅ በሥርዓት ተኝቶ አያውቅም» ያለኝ። ያንን ቁጣዬን ሳስበው አሁንም ያመኛል።

አለርጂውን እያወቅኩ የምሰጠው ሽሮፕ ክሎርፌኒራሚን ነበር። ማታ ይተኛል፣ ጠዋት ግን ክፍል ውስጥ ፈዞ ይቀመጣል። ለካ እሱም መድኃኒቱ ነው። አሁን በሐኪም ትእዛዝ ወደ ሎራታዲን ተቀየረለት፣ ለልጅ የሚሆን ስፕሬይም ታዘዘለት፤ ስፕሬዩ ዕድገቱን እንዳይነካ ቁመቱንም እየተከታተሉት ነው። በሁለተኛው ወር አስተማሪዋ ደውላ «ምን አደረጋችሁት?» አለችኝ።

የልጅ አሻንጉሊትን አትርሱ። እሱ አቅፎት የሚተኛውን የጨርቅ ድብ በሙቅ ውሃ ካጠብኩት ይበላሻል። በፌስታል ቋጥሬ 24 ሰዓት ማቀዝቀዣ ውስጥ፣ በረዶ ቤቱ ውስጥ አሳድረውና ከዚያ አጥበዋለሁ። ብርዱ ማይቱን ይገድላል፣ ማጠቡ ኩሱን ያወጣል።

ጡረተኛው

ልጆቼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬ 71 ነው። የሁለቱ እናት ክሎርፌኒራሚን ስላለችው መድኃኒት አንብቤ ጥያቄ መጣብኝ። እኔም ለማስነጠሱ ማታ ማታ መውሰድ ከጀመርኩ 1 ወር ሆነኝ። ከዚያ ወዲህ ሽንቴ ቶሎ አልመጣ እያለ ይቸግረኛል፣ ሌሊት ስነሳም ግራ ይገባኛል፣ አንድ ቀን በሩን ስቼ ግድግዳ ገፍቻለሁ። ከእርጅና ነው ብዬ ለልጆቼ አልተናገርኩም። ግንኙነት ይኖረው ይሆን?

የፋርማሲው ልጅ

አባቴ፣ እንኳን ጻፉልን። አዎ፣ ሊኖረው ይችላል። እንደ ክሎርፌኒራሚን፣ ዳይፈንሃይድራሚንና ፕሮሜታዚን ያሉት የቆዩ አንቲሂስታሚኖች (የአለርጂ መድኃኒቶች) ወደ አእምሮ ይገባሉ፣ ሽንትም ይይዛሉ። የፕሮስቴት እጢው ያበጠበት ሰው ላይ ደግሞ ይብሳል። በዕድሜ ለገፉ ሰዎች እንዲርቋቸው የሚመከረው ለመውደቅና ለመደናገር ስለሚያጋልጡ ነው። እባክዎ በዚህ ሳምንት ለሐኪም ይንገሩ፤ ለልጆችዎም ቢነግሩ ጥሩ ነው። ሽንትዎ ጨርሶ እምቢ ካለ ግን ቀጠሮ አይጠብቁ፣ ወዲያው ይሂዱ።

በነገራችን ላይ ሴትሪዚን፣ ሎራታዲንና ፌክሶፈናዲን አዲሶቹ አንቲሂስታሚኖች ናቸው። ከሦስቱ ሴትሪዚን አንዳንድ ሰው ላይ እንቅልፍ ያመጣል፤ መኪና የምትነዱ መጀመሪያ ማታ ሞክሩት። ፌክሶፈናዲንን በፍራፍሬ ጭማቂ አትዋጡት፣ መድኃኒቱ ወደ ሰውነት እንዳይገባ ይቀንሰዋል። በውሃ ብቻ።

ንባብ ወዳድ

ማለዳ የጻፍሽው «የተሳሳተውን ነገር መውቀስ» አዲስ አይደለም፤ የዚህ በሽታ ታሪክ የጀመረው በዚያው ነው። እ.ኤ.አ. በ1819 ጆን ቦስቶክ የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም በየበጋው የሚይዘውን የዓይንና የአፍንጫ ሕመም ጽፎ ለሐኪሞች ማኅበር አቀረበ። ታማሚው ራሱ ነው። ምክንያቱ ግን የበጋው ሙቀት መሰለው።

ከዚያ ቻርልስ ብላክሊ መጣ፤ እሱም ሐኪም፣ እሱም ታማሚ። የሣር ብናኝ ሰብስቦ አፍንጫው ውስጥ ጨመረ፣ ክንዱን ጭሮ ቀባው፣ ያበጠውን መዘገበ። ማለዳ ክንድሽ ላይ የተሠራው ምርመራ ዘሩ ከዚያ ነው። ከሁሉ የሚገርመኝ ግን አየሩ ላይ ከፍ ብሎ ብናኝ መኖሩን ለማየት የሚያጣብቅ መስተዋት በወረቀት ካይት ላይ አስሮ ወደ ሰማይ መላኩ ነው። ሥራውን በ1873 አሳተመ። «አለርጂ» የሚለውን ቃል ክሌመንስ ፎን ፒርኬ ያወጣው ደግሞ በ1906 ነው። ሰው በራሱ ሥቃይ ላይ ተመራምሮ ለእኛ አቆየልን፤ ባሰብኩት ቁጥር አመሰግናቸዋለሁ።

ድመቴና እኔ

እኔ ልከራከር ነው የመጣሁት፣ በፍቅር። የፍራሽ ሽፋን ገዛሁ፣ አንሶላ በሙቅ ውሃ አጠብኩ፣ አንድ ዓመት ሙሉ። ለውጥ የለም። ስለዚህ ለሰው ሁሉ «ሽፋን ግዛና ትድናለህ» ማለት ልክ አይመስለኝም። ደግሞ ድመት አለችኝ፣ 9 ዓመቷ ነው፤ «አውጫት» የሚለኝን ሰው መስማት አልፈልግም።

የፋርማሲው ልጅ

ልክ ነሽ፤ ይህ መነገር አለበት። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጡ ሁለት ትልልቅ ጥናቶች፣ አንዱ በአስም አንዱ በአፍንጫ አለርጂ ላይ፣ ማይት የማያሳልፍ ሽፋን ብቻውን የሕመም ስሜትን እንዳልቀነሰ አሳይተዋል። ብዙ ነገር አብሮ ሲደረግና ሰውየው በእርግጥ የማይት አለርጂ ሲኖረው ነው ተስፋ ያለው። አንቺ የተመረመርሽው ለምንድን ነው? የማይት ሳይሆን የድመት ከሆነ ፍራሹ ምን ያድርግልሽ?

የድመት አለርጂ ከጸጉሯ አይደለም። ከምራቋና ከቆዳዋ እጢ የሚወጣ ፕሮቲን ነው፤ ስትላስ ጸጉሯ ላይ ይደርቅና በጣም ደቃቅ ሆኖ አየር ላይ ለሰዓታት ይንሳፈፋል። ድመት ከቤት ብትወጣ እንኳ ለወራት ይቆያል።

ድመቴና እኔ

አልተመረመርኩም። ማንም ተመርመሪ አላለኝም፤ እኔም «አቧራ ይሆናል» ብዬ ገመትኩ።

ማለዳ

እህቴ፣ ክርክርሽን ወድጄዋለሁ፤ የጻፍኩትንም አስተካክለሽልኛል። እኔን ያዳነኝ ሽፋኑ አይደለም፣ ምን እንደሆነ ማወቄ ነው። ስፕሬዩ ባይኖር ሽፋኑ ብቻውን የት ያደርሰኝ እንደነበር እኔም አላውቅም። ስለ ድመትሽ ውሳኔው የራስሽ ነው። ቢያንስ መኝታ ቤት እንዳትገባ ብታደርጊስ? ከቀኑ ሲሶው የሚያልፈው እዚያ ነው። ያንን ክፍል ንጹሕ ማድረግ ከቻልሽ አፍንጫሽ ሌሊቱን ያርፋል። አየር ማጣሪያ የምትገዢ ከሆነ ደቃቅ ብናኝ የሚይዘውን ሄፓ የሚባለውን፣ ለክፍሉ ስፋት የሚበቃውን።

አፍንጫ በጨው ውሃ ስለማጠብ በውስጥ መልእክት የጠየቃችሁኝ አላችሁ። እኔ ማታ ከመተኛቴ በፊት አጥበዋለሁ፣ ስፕሬዩን ከዚያ በኋላ። ውሃው ግን ፈልቶ የቀዘቀዘ ወይም የተጣራ ዲስቲልድ መሆን አለበት። በቀጥታ ከቧንቧ ፈጽሞ አይሆንም፤ አልፎ አልፎ ቢሆንም በአፍንጫ በኩል አንጎል የሚደርስና የሚገድል አሜባ አለ። በወቅቱ ጊዜ ደግሞ ከውጭ ስገባ ልብሴን እቀይራለሁ፣ ጸጉሬን ታጥቤ ነው የምተኛው፤ ካልታጠብኩ ብናኙን ትራሴ ላይ አራግፈዋለሁ። የታጠበ ልብስም ውጭ አላሰጣም።

ትንፋሽ

አፍንጫ አፍንጫ ስትሉ ደረትን እንዳትረሱብኝ። እኔ ለዓመታት አፍንጫዬን ብቻ ሳክም ኖሬ፣ ሌሊት ሌሊት ደረቅ ሳል ጀመረኝ፤ ደረጃ ስወጣ ደረቴ ውስጥ ሲር ሲር ይላል። «ጉንፋኑ ወረደብኝ» አልኩ። አስም ነበር። የአፍንጫና የሳንባ መተንፈሻ አንድ ቱቦ ነው፤ ላይኛው ከተቆጣ ታችኛውም ይቆጣል።

እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 2016 ሜልቦርን ላይ ከነጎድጓዳማ ዝናብ በኋላ በአንድ ምሽት በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ትንፋሽ አጥሯቸው ወደ ሆስፒታል ጎረፉ፤ 10 ሰዎች ሞቱ። የሣር ብናኙ በእርጥበቱ ፈንድቶ ሳንባ ውስጥ የሚገባ ደቃቅ ሆኖ ነው። ከተጠቁት ውስጥ አስም እንዳለባቸው የማያውቁ፣ የአፍንጫ አለርጂ ብቻ ያለባቸው ብዙ ነበሩ። በብናኝ ወቅት ነጎድጓድ ሲመጣ ቤት ግቡ፣ መስኮት ዝጉ። ትንፋሻችሁ ካጠረ «ያልፍልኛል» አትበሉ።

3ኛ ዓመቴ

ስለ ኢሚዩኖቴራፒ ማንም ስላልጻፈ እኔ ልጻፍ። በቆዳ ሥር መርፌ እየወሰድኩ ነው፤ መነሻው እ.ኤ.አ. በ1911 ሊዮናርድ ኑን የሣር ብናኝን በመርፌ መስጠት የጀመረበት ሥራ ነው። የሚያስነሳብህን ነገር ራሱን በጥቂት በጥቂቱ እየጨመሩ ሰውነትህን ያለማምዱታል። ከ3 እስከ 5 ዓመት ይወስዳል። ከእያንዳንዱ መርፌ በኋላ 30 ደቂቃ እዚያው ትቀመጣለህ፣ አደገኛ ምላሽ ቢመጣ እንዲደርሱልህ። ከምላስ ሥር የሚሟሟ ክኒንም አለ።

የመጀመሪያው ዓመት ተስፋ አስቆራጭ ነበር። በሁለተኛው ዓመት ወቅቱ መጀመሩን ያወቅኩት ሌላ ሰው ሲያስነጥስ ነው። ቆሜ ቀረሁ፣ እንባዬ መጣ። ለሁሉም ሰው አይሆንም፤ ያልተረጋጋ አስም ላለበት አይሰጥም። ግን ሌላው መድኃኒት ስሜቱን ነው የሚያስታግሰው፤ ይህኛው መነሻውን ይነካል።

«አንድ መርፌ ተወጋ፣ ወቅቱን ሙሉ ያሳልፍሃል» ከሚሏችሁ ጋር አታምታቱት። ያ በጡንቻ የሚሰጥ፣ ለሳምንታት የሚቆይ ስቴሮይድ ነው፤ ለአፍንጫ አለርጂ አይመከርም፣ መላ ሰውነትን ነው የሚነካው።

ጡረተኛው

ልጆቼ፣ ለሴት ልጄ ነገርኳት። ሐኪም ጋ ወሰደችኝ፤ መድኃኒቷ ቆመች፣ በምትኳ የአፍንጫ ስፕሬይ ተሰጠኝ። ሽንቴ በ4ኛው ቀን ተስተካከለ። ሌሊት ተነስቼ በሩን አገኘዋለሁ። ዕድሜ ይስጣችሁ።

ጉዞ ላይ

3 ሳምንት ሆነኝ፣ ልንገራችሁ። ስፕሬዩን በጀመርኩ በ5ኛው ቀን ጠብታውን ከቀኝ አፍንጫዬ አቆምኩ። የመጀመሪያዎቹ 3 ሌሊቶች መራራ ነበሩ፤ በግራ ጎኔ ስተኛ ግራው ይዘጋል፣ ቀኙ እንደ ድንጋይ ነው፣ በአፌ እየተነፈስኩ ምላሴ ደርቆ እነቃለሁ። ሁለቴ ተነስቼ ጠብታውን በእጄ ይዤ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። በ8ኛው ሌሊት ከእንቅልፌ ስነቃ አንድ እንግዳ ነገር ተሰማኝ፦ ቀዝቃዛ አየር በቀኝ አፍንጫዬ ይገባል። ብቻውን፣ ያለ ምንም። ጨለማው ውስጥ ተኝቼ ዝም ብዬ ተነፈስኩ።

ግራውን ካቆምኩ ዛሬ 6 ቀኔ ነው። ጠርሙሱ ከትራሴ ሥር ወጥቷል። አሁን ስለተከፈተ ማስነጠሱና ማሳከኩ ጎልቶ ታየኝ፤ ሲጀመርም አለርጂ ሳይሆን አይቀርም። የቆዳ ምርመራ ቀጠሮ ይዣለሁ። የምወስደውን የሴትሪዚን ክኒን ከ7 ቀን በፊት አቁም ብለውኛል፣ ውጤቱን ስለሚያጠፋው። ስፕሬዩንም ላቁመው?

ማለዳ

አታቁም! ስፕሬዩ የቆዳ ምርመራውን አይነካውም፣ እኔም እየወሰድኩ ነው የተመረመርኩት። ክኒኑን ብቻ። በእነዚያ 7 ቀናት ማሳከኩ ከበረታብህ የጨው ውሃውን ጨምር። የምርመራው ቀን ክንድህ ላይ ቅባት አትቀባ፣ እጅጌው ወደ ላይ የሚሰበሰብ ልብስ ልበስ። የትኛው እንዳበጠ እዚሁ ጻፍልን፤ እጠብቃለሁ።